አቶ ተገኘን ያሳነስኩበት ፎቶግራፍ

ይህን ነገር ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ከራሴ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። አንድ ፎቶግራፍ ተበላሸ፤ ከዚህ በላይ ምን አለው? በከተማችን ስንት ነገር ይበላሻል። የውኃ ቱቦ ይበላሻል፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ይበላሻል፣ የሰው ስም ይበላሻል፤ ማንም ቁጭ ብሎ አይጽፍላቸውም። ነገር ግን ጓደኞቼ ታሪኩን እኔ በሌለሁበት ሲያወሩት ስሰማ ከነበርኩት በላይ ሞኝ አድርገውኛል። የነበረኝ ሞኝነት ራሱ በቂ ስለሆነ፣ ጭማሪው እንዲቀርልኝ ልኩን እኔው ብናገር ይሻላል ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ክልላችን ክልል ከሆነ ወዲህ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቢሮ በቢሮ ላይ ተከፍቶ ለየቢሮው ኮምፒውተር መጥቶ ነበር። መጣ ማለት ግን ተሠራበት ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ጥልፍ ያለው ጨርቅ ይለብሳል፤ ከላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጥበታል። ጨርቁን መግለጥ የሚችሉት ኃላፊው ብቻ ናቸው፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። በኮሌጃችንም ቢሆን የኮምፒውተር መግቢያ የሚባለውን ትምህርት የተማርነው ሰሌዳ ላይ በተሣለ ኮምፒውተር ነው። መምህራችን በጠመኔ ይሥሉና «እዚህ ጋ ትጫናላችሁ» ይሉናል። እኔ ጠንቃቃ ስለሆንኩ ሥዕሉን በወረቀት ገልብጬ ቤቴ ወስጄ እጫን ነበር። በፈተናው ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የደረሰው ጥፋት ሁሉ የዚያ አንደኝነት ፍሬ ነው።

ጨርቅ ያልለበሰ ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በኦጁሉ ፎቶ ቤት ነው። ኦጁሉ የአኝዋክ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ይበልጣል። አዲስ አበባ ሠርቶ ኮምፒውተር፣ ስካነርና ቀለም ማተሚያ ይዞ ተመለሰና ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ከፈተ። መብራት እንደ እንግዳ በምሽት ብቻ የሚመጣ ስለነበር የራሱ ጄኔሬተር ነበረው። እኔ ከትምህርት ስወጣ እሱ ጋ እየሄድኩ ቤቱን እጠርግለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ማውሱን ያስነካኛል።

«ተማሪ፣ ይሄ ሥዕል አንድ ይመስልሃል፤ አንድ አይደለም» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «እንደ ብርድ ልብስ የተደራረበ ነው። ከታች ፏፏቴው፣ ከፏፏቴው ላይ ሰውዬው፣ ከሰውዬው ላይ ኮቱ። እያንዳንዱ ሌየር ይባላል። ኮቱን ብታሳድግ ሰውዬው አያድግም። ሰውዬውን ብታዞር ፏፏቴው አይዞርም።»

«ሰውዬው የራሱ ኮት የለውም?»

«በዚህ ሙቀት ማን ኮት ይገዛል? ኮቱ የእኔ ነው። ግማሽ ጋምቤላ የለበሰው እሱን ነው።»

እውነቱን ነው። ቆይቼ እንዳየሁት በከተማው ውስጥ በየግድግዳው የተሰቀለው ሰው ሁሉ፣ አስተማሪውም ዓሣ አጥማጁም፣ ያንኑ ሰማያዊ ኮት ለብሶ፣ ያንኑ ቀይ ከረባት አስሮ፣ ማንም ደርሶበት በማያውቀው ያንኑ ፏፏቴ ፊት ቆሟል። ከባሮ ዳር ተነሥቶ ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው ሌላ ውኃ ፊት መታየት ለምን እንደሚፈልግ ዛሬም አልገባኝም።

የፕሮግራሙ ትልቁ ተአምር ግን ሌላ ነበር። አንድ ጊዜ የሠራኸውን ሥራ ይቀርጽና ከዚያ በኋላ በአንድ ቁልፍ ይደግመዋል። አሳንሰህ፣ አዙረህ፣ ገልብጠህ ካሳየኸው፣ የፈለግከውን ሌየር መርጠህ ቁልፏን ስትነካ እሱም ያሳንሳል፣ ያዞራል፣ ይገለብጣል። አይጠይቅም፣ አያቅማማም፣ አበል አይልም። ኦጁሉ «ደጋሚው» ይለው ነበር። እኔም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሠራተኛ ቢሮዎቻችንን ሁሉ ሲሞላ ታየኝ፤ ያለ ጨርቅ፣ ያለ አበባ።

ደጋሚውን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። አንድ ቢሮ ለሠራተኞቹ ደረት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ አዘዘ። የፎቶ ፊልሞቹን ስካነሩ ላይ ስደረድር በጥንቃቄዬ ብዛት ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጌ ደረደርኳቸው፤ ሁሉንም ዘቅዝቄ፣ ሁሉንም ግራውን ቀኝ አድርጌ። ኦጁሉ አልተቆጣም። «እንግዲህ አንዱን አስተካክልና ሌላውን ደጋሚው ይሥራ» አለ። አንዱን አሳነስኩ፣ ግማሽ ዙር አዞርኩ፣ ግራና ቀኙን ገለበጥኩ፤ ደጋሚው ቀረጸው። ቁልፏን ስነካ የቢሮው ሠራተኛ በሙሉ ተራ በተራ ተነሥቶ ቀጥ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥልጣን ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቀጥ ያላሉት ኃላፊው ብቻ ነበሩ። የእሳቸውን ፎቶ ኦጁሉ ለብቻው፣ በክብር፣ መጀመሪያውኑ ቀጥ አድርጎ አስገብቶት ኖሯል፤ ደጋሚው ደግሞ ሹም አይለይም። ዘቅዝቆ አወጣቸው። እኛ ያየነው ታትሞ ከሄደ በኋላ ነው። ሁለታችንም እስኪጠሩን ጠበቅን። አልጠሩንም። መታወቂያው ደረታቸው ላይ ሲንጠለጠል እሳቸው ወደ ታች ጎንበስ ብለው ስለሚያዩት፣ ለእሳቸው ቀጥ ብሎ ይታያቸዋል። ፊት ለፊት የሚቆመው ሠራተኛ ሁሉ ኃላፊውን በራሳቸው ቆመው ያያል፤ የሚናገር ግን የለም። እንዲያውም «የእርስዎ ነው በደንብ የወጣው» እንዳሏቸው ሰምተናል። እኔ ከዚህ መማር የነበረብኝ፣ ቀጥ ያለ ነገር ላይ ደጋሚውን መልቀቅ እንደማያስፈልግ ነበር። የተማርኩት ግን፣ ሰው የተዘቀዘቀ ፎቶ ቢያይም ምንም እንደማይመጣ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የምኖረው በእትዬ ይመናሹ ግቢ ተከራይቼ ነበር። እትዬ ይመናሹ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ተገኘ እርሻው አልሆን ሲላቸው ወርቅ ሊቆፍሩ ዲማ ወርደው፣ ከአንድ ክረምት እስከ ሌላው ክረምት ቤታቸውን አያዩም ነበር፤ እኔ በመታወቂያ ፎቷቸው እንጂ በአካል አላውቃቸውም። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ብርቱካን የምትባል ልጅ አለቻቸው። ብርቱካንን መቲ ከተማ የሚያስተምር ልጅ ለጋብቻ ጠይቋት፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰርጉ ከሰኔ ጾም በፊት እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። ጾሙ ከገባ ጋብቻ የለም፤ ከጾሙ በኋላ ደግሞ ዝናቡ ይበረታና የመቲ መንገድ በጭቃ ይዘጋል።

ችግሩ የልጁ አባት አቶ ደምሌ ነበሩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ጨዋነታቸው በጥርጣሬ የታሸ ነው። «አባት አላት ይባላል፤ ያየው ግን የለም» ማለት ጀመሩ። «ዲማ የገባ ሰው ወይ ወርቅ ያወጣል ወይ ጉድጓድ ይውጠዋል። አባቷ በሌለበት ልጅ ወስዶ በኋላ መወቀስ አለ።» በመቲ ሌላ የደህና ሰው ልጅ እየታየች ነው የሚል ወሬም ደረሰን። ብርቱካን ወሬውን ከሰማች ወዲህ ወጥ ሁለት ጊዜ ጨው ታደርግበት ጀመር።

እትዬ ይመናሹ መላ አገኙ። ቤተሰቡ፣ አባትም ጭምር፣ በአንድ ፎቶ ሆኖ ለአማቾች ይላክ። አቶ ተገኘ ራሳቸው ለሰርጉ እንጂ ቀድመው ስለማይመጡ፣ ከመታወቂያ ፎቷቸው ላይ ተነሥተው ይግቡ።

«ልጄ፣ አንደኛ የወጣህበት ነገር ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?» አሉኝ።

«ለዚህ ነው እትዬ» አልኩ።

ፎቶ ቤት የመጡት ከገበያ በቀጥታ፣ የቤት ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ነው። የክት ነጠላቸው ለሰርጉ እንዳትቆሽሽ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባታል።

«ችግር የለም፣ ነጠላ አለኝ» አለ ኦጁሉ። የእሱ ነጠላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ የተነሣ፣ ሰፊ ጥለት ያለው፣ የኮቱ እኅት የሆነ ሌየር ነው። እትዬ ይመናሹንና ብርቱካንን አነሣቸው፤ እነሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኦጁሉም ፏፏቴውን ዘረጋ፣ እናትና ልጅን አቆመ፣ ነጠላውን ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ በእናትየው ትከሻ ላይ ጣለ፣ አቶ ተገኘን ከጎናቸው አስገባ። ያማረ ሥራ ነበር። ከዚያ ነዳጅ ሊያመጣ ጄሪካኑን አነሣ።

«አልቋል ማለት ይቻላል» አለኝ። «ምንም አትንካ።»

አልነካም ነበር። ነገር ግን አቶ ተገኘ ከሚስታቸው ትንሽ ተለቅ ብለው ታዩኝ። ትጉህ ሰው ይህን አይቶ አያልፍም። ደጋሚው ማሳነስ እንደሚችል ትዝ አለኝ፤ ማዞርና መገልበጥ እንደሚጨምር ግን አልታወሰኝም። ቁልፏን ነካሁ።

አቶ ተገኘ አነሱ፤ ነገር ግን በራሳቸው ቆሙ። የእትዬ ይመናሹ ነጠላም አብሮ ተመርጦ ኖሮ ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ ሆነ። ከነጠላው ይልቅ ያስደነገጡኝ አቶ ተገኘ ናቸው። እሳቸውን ብቻ መርጬ ቁልፏን ደግሜ ነካሁ። አሁን ቀጥ አሉ፤ ግን እንደገና አነሱ። የብርቱካንን ክርን አክለው ነበር። ጎትቼ አሳደግኳቸው። ያነሰ ፎቶ ሲጎተት እንደ ቀጠነ ወጥ እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም፤ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ዳር ዳራቸው ጭጋግ ሆኖ፣ አንገታቸውም ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ቀረ። መታወቂያ ፎቶ ደግሞ ከደረት በታች የለውም። እግር የሌለውን ሰው መሬት ላይ ማቆም ስለሚከብድ፣ ከፍ አድርጌ ከፏፏቴው በላይ፣ ደመናው ጋ አስቀመጥኳቸው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ስለ ነጠላው እየጮኸብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። የነጠላ ጥለት ወደ ላይ ዞሮ አንገት ላይ ሲውል ሐዘን መሆኑን የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። የማውቀው ግን ሰው ለብሶት ሳየው ነው፤ ስክሪን ላይ ሳየው ጥለት ማለት ቀለም ነው። እንዲያውም የእትዬን ፊት አበራው ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ቅጽበት ወደ መቲ የሚሄደው የአይሱዙ ሹፌር በር ላይ ጥሩንባውን ነፋ። እትዬ ይመናሹ ፎቶውን ለእሱ እንድሰጥ ነግረውኝ ነበር። አተምኩ፣ በፖስታ ከተትኩ፣ ሰጠሁ። ሄደ።

ኦጁሉ ሲመለስ ስክሪኑን ብዙ ጊዜ አየው።

«ሰውዬው ደመና ላይ ምን ይሠራል?»

«ከፍ ያለ ቦታ ሰጠኋቸው።»

«አመድ መስሏል።»

«ርቀት ነው።»

ስለ ነጠላው ምንም አላለም። የነጠላን ሕግ እሱ ከየት ያውቃል? የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ከመቲ ለጥቂት ቀናት ምንም ወሬ አልመጣም። እትዬ ይመናሹ «ወደውታል ማለት ነው» አሉ። ከዚያ አንድ ቀን ከቀትር በፊት፣ አይሱዙው ሰው ጭኖ መጣና ከግቢያችን ራቅ ብሎ ቆመ። መጀመሪያ ሴቶቹ ወረዱ፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፉ። ከዚያ አንድ ላይ ጩኸታቸውን ለቀቁት፤ ፊት ፊት አቶ ደምሌ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ።

እትዬ ይመናሹ ጌሾ እየወቀጡ ነበር። ሙቀጫውን ጥለው ሮጡ፤ እሳቸውም እሪ አሉ። ማን እንደሞተ አልጠየቁም። በእኛ ወግ ለቅሶ ሲመጣ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ በኋላ ይደረስበታል። አማቾቻችን ሰው ሞቶባቸው ነው ብለው ነው ያለቀሱት። ብርቱካን ሙሽራው የሞተ መስሏት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ራሱ ሙሽራው ከለቀስተኞቹ መሀል ሲያለቅስ አየችውና ተነሣች፤ ግን ማን ሊሆን ይችላል እያለች ማልቀሷን ቀጠለች።

«እትዬ ይመናሹ» አሉ አቶ ደምሌ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ምነው ለእኛ እንኳ ሳይነግሩን? ተገኘን የሚያህል ሰው እንደዋዛ አፈር አልብሰው ዝም ይባላል?»

እትዬ ይመናሹ ለቅሷቸውን አቆሙ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም። ጉድጓድ ተደርምሶበት ነው፤ ወሬው ቀድሞ መቲ ደርሶ ነው፤ መርዶ ሊያረዱኝ ነው የመጡት ብለው አሰቡ። «ተገኘ» አሉ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ወደቁ።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሉ የመቲ ሴቶች እየደገፏቸው። «ታምቆ የቆየ እንባ ነው።»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ማንም ማንንም አልጠየቀም። እንግዶቹ «ባለቤቷ ታውቃለች፤ ቁስሏን አንነካካ» ይላሉ። እትዬ ይመናሹ «እነሱ ያውቃሉ፤ ቢነግሩኝ አልችለውም» ይላሉ። ድንኳን ተጣለ። ሰፈሩ መጣ፤ ኑዌሩም አኝዋኩም ደገኛውም ወንበር እየያዘ መጣ። እኔም አለቀስኩ፤ ውኃ ቀዳሁ፣ አግዳሚ ተሸከምኩ፣ እንደገና አለቀስኩ። ትጉህ ለቀስተኛ ነበርኩ። የገደልኳቸው እኔ መሆኔን አላወቅሁም።

«የሟች ፎቶ የለም እንዴ?» አሉ አቶ ደምሌ። «ለቅሶ ያለ ፎቶ ምን ይሆናል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንደኛ የወጣሁ ነኛ። ወደ ኦጁሉ ሮጥኩ።

«የአቶ ተገኘን የመታወቂያ ፎቶ በትልቁ አትምልኝ።»

«ያ ደመና ላይ ያወጣኸው ሰው?»

«አዎ። አረፉ።»

ኦጁሉ እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ። «አስቀድመህ አውቀህ ነበር እንዴ?» አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ። ያን ቀን ቁልፏን እንድነካ አልፈቀደልኝም። ፎቶውን ራሱ አትሞ፣ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ለቅሶ መጣ። ድንኳን ውስጥም ከእኔ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ቆመ፤ ሰው ሁሉ በአዲስ ጉልበት አለቀሰ።

ድንኳኑ እንደተጣለ ወሬው በጭነት መኪና ዲማ ወርዶ ኖሯል። ሹፌሩ ለአቶ ተገኘ የነገራቸው «ቤትህ ድንኳን ተጥሏል» ብሎ ብቻ ነው። ሚስቴ ናት ወይስ ልጄ እያሉ መንገዱን ሁሉ ሲያለቅሱ መጥተው፣ በሠልስቱ ዕለት ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ያወቃቸው አልነበረም። ከአቶ ደምሌ አጠገብ ቦታ ተለቀቀላቸው። እኔ ከኋላቸው ውኃ ይዤ ቆሜ ነበር።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አሉ እያነቡ።

«ያጥናን» አሉ አቶ ደምሌ። «ለሟች ምን ይሆናሉ?»

«ማን እንደሞተ አልነገሩኝም።»

«የዚህ ቤት አባወራ ነው። ጨዋ ሰው ነበር ይላሉ። እኔ በአካል አላየሁትም።»

እንግዳው ለቅሷቸውን ገታ አድርገው አሰቡ። «የዚህ ቤት አባወራ እኔ ነኝ።»

አቶ ደምሌ ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች ገረመሟቸው። «ሁለት ናችሁ እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ላይ ለእትዬ ይመናሹ የማይመች ነገር ነበረበት።

አቶ ተገኘ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ አዩ። ተነሥተው ቀረቡና እንደገና አዩ። «ይሄ የመታወቂያ ፎቶዬ ነው» አሉ። ፎቶውን ያየ ሰው እሳቸውን ያያል፤ እሳቸውን ያየ ሰው ፎቶውን ያያል። እትዬ ይመናሹ ከጓዳ ወጡ፣ ቆሙ፣ ቀስ ብለው ቀረቡና በመቀነታቸው ጫፍ ትከሻቸውን መቷቸው።

«የት ነበርክ?»

«ዲማ ነዋ። የት እሄዳለሁ?»

«ታዲያ ሰው እንዲህ ያለቅስልሃል?» አሉና ደረታቸው ላይ ተደፉ። አሁን ያለቀሱት ከቀድሞው ይበልጣል። ብርቱካንም መጥታ ሁለቱን አንድ ላይ አቀፈቻቸው።

ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ማነው ሞተ ያለው?» አሉ አቶ ተገኘ። አቶ ደምሌ ተናደዱ። «እናንተው ናችሁ እንጂ» አሉና ከኮታቸው ኪስ ፖስታውን አወጡ። «ይኸው፣ እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፤ አንተ ገርጥተህ፣ አንገትህን ሰብረህ፣ ከደመና በላይ። ሰው ሐዘኑን በዚህ ካልነገረ በምን ይንገር? መቲ ሁለት ቀን አልቅሰናል።»

እትዬ ይመናሹ ፎቶውን ተቀብለው አዩ። «ነጠላው የኔ አይደለም» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ጥለቱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ድንኳኑ በሙሉ የሚያዩትን ተከትሎ እኔን አየ።

«ፊትዎን ያበራል ብዬ ነው» አልኩ።

ስለ ሌየር፣ ስለ ደጋሚው፣ ስለ ግማሽ ዙር ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ሰሌዳ ቢኖር እሥለው ነበር። አቶ ተገኘ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ነጠላውስ ይሁን» አሉ። «እኔን ምን ስታደርገኝ ነው እንዲህ ያነስኩት?»

«ሁለት ጊዜ ስለነካሁ ነው ጋሼ።»

«አንድ ጊዜ ብትነካስ?»

«በራስዎ ይቆሙ ነበር።»

«ዲማ ይሻላል» አሉ።

ኦጁሉ ከኋላ ሆኖ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እኛ ጋ ልጅ ስትጠየቅ ዶቃ ይቀርባል፤ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ያልቃል» አለ። «እናንተ ግን ልብሳችሁ ይናገራል፣ አፋችሁ ዝም ይላል።»

የዚህ ታሪክ አስቂኝ ክፍል እዚህ ላይ ያበቃል ብላችሁ ካሰባችሁ ሽማግሌ አታውቁም። ሰርጉ ሊደርስ ቀናት ቀርተውት ነበር። ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጥያቄው፣ ለቅሶ በተለቀሰበት ግቢ በሳምንቱ ሰርግ ይደገሳል ወይ የሚል ነበር።

«ሰውዬው እኮ አለ» አሉ አንዱ።

«ሰውዬውማ አለ» አሉ አቶ ደምሌ። «ለቅሶውም አለ። መቲ ያለቀሰልኝ ሰው ሁሉ፣ ደምሌ በሐዘን ማግስት ጨፈረ ይለኛል። እንባ ደግሞ አይመለስም።»

አንድ ሌላ ሽማግሌ አስታራቂ ሐሳብ አመጡ። «መሞቱ አንድ ቀን አይቀርም። ይሄ ለቅሶ ይያዝለትና፣ ያኔ ይታሰብለት።»

«ያኔ ማንም እንዳይመጣ ነው?» አሉ አቶ ተገኘ። ይህኛው ሐሳብ ወደቀ።

ብርቱካን ለሽማግሌዎቹ ውኃ ልታቀርብ መጥታ ነበር። ማሰሮውን አስቀመጠችና «አባቴ እዚህ ተቀምጦ እያየኝ፣ የእሱን ሐዘን እስክጨርስ ልጠብቅ ነው?» አለች። «የመቲ ሰው ካላመነ ሄዶ ይታየው። እኔ ለሰው ወሬ ብዬ ይሄን ልጅ አልተውም፤ እሱም ከተወኝ ዛሬ፣ እዚሁ ይንገረኝ።»

ሁሉም ወደ ሙሽራው አየ። ልጁ ላቡን ጠረገ። «አልተውም» አለ፤ አባቱን ሳያይ።

ስለዚህ ተወሰነ። ጾሙ እስኪፈታ ይቆይ፤ እስከዚያ አቶ ተገኘ መቲ ሄደው ላለቀሰላቸው ሁሉ ይታዩ። ወሳጁ ማን ይሁን ሲባል እትዬ ይመናሹ «የገደለው ያሳየው» አሉ፤ ይግባኝ አልነበረውም።

በመቲ የቡና ጫካ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞርን አቶ ተገኘን አሳየሁ። ሰው እሳቸውን ሲያይ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይስቃል፣ ከዚያ ያበላናል። አንዲት አሮጊት ግን እጃቸውን ዳሰው፣ አገጫቸውን ይዘው ወደ ብርሃን አዙረው አዩዋቸውና «ፎቶው ላይ ይሻል ነበር» አሉ። አቶ ተገኘ መንገድ ላይ ብዙም አያናግሩኝም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጭቃ ውስጥ ገብተው እጄን ሰጥቼ ሳወጣቸው «አሁን ጎትተህ አሳደግከኝ» አሉኝ። ይቅር እንዳሉኝ ገባኝ።

ጾሙ ሲፈታ ዝናቡ እንደተፈራው ሆነ። የሰርጉ ቀን ደረሰ፣ ቀትር ሆነ፤ ከመቲ የመጣ መኪና የለም። ምግቡ ቀዘቀዘ። አንዳንድ ጎረቤት «መቼም ለቅሶውን በልተናል» እያለ ወደ ቤቱ መሄድ ጀምሮ ነበር። ብርቱካን የሙሽራ ልብሷን ለብሳ በር በሩን ታያለች። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ ነበር፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። የተሰበረው ነገር በምንም ቁልፍ ወደ ኋላ የማይመለስ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ቆሜ ሳለሁ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በእግራቸው መጡ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ፣ ሙሽራው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ አቶ ደምሌ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው። ብርቱካን በሩ ላይ ሆና ሳቀች፤ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ሄደው የነበሩት ጎረቤቶችም ከየቤታቸው ተመለሱ፤ ምንም እንዳላሉ ሁሉ።

ከተበላ በኋላ አቶ ደምሌ ሊመርቁ ተነሡ። ደክሟቸዋል፤ ግን ደስ ብሏቸዋል። «ልጆቼ፣ ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ። «እንደ እናትሽ እንደ ይመናሹ ባለሞያ ሁኚ። እንደ አባትሽም እንደ ተገኘ፣ ነፍሱን ይማረውና...»

አቶ ደምሌ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ሁሉም ወደ አቶ ተገኘ ዞረ። አቶ ተገኘ ጉርሻቸውን አኝከው ጨረሱ፣ ዋጡ።

«አሜን» አሉ። «ቀጥል ደምሌ፣ ምርቃት አይቋረጥም።»

ነገሩ ያበቃው ያን ዕለት ነው፤ እሑድ፣ ሐምሌ ሰባት ቀን አሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት።